የስፖርት ሱስ በተወዳዳሪ አትሌቶች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አትሌቶች፣ አሰልጣኞችና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የስፖርት ሱስ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው ልምምዱ እየጎዳው እያየ ማቆም ሲያቅተው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ይሮጣል። ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይሮጣል። አሰልጣኙ «ነገ እረፍት ነህ» ይለዋል፤ ጎህ ሳይቀድ ተደብቆ ይሮጣል። ለምን ብትሉት ምክንያት አያጣም። ብቻውን ሲሆን ግን ምክንያቱ ለራሱም አይዋጥለትም።

ቃሉን ብዙ ጊዜ ለጨዋታ እንጠቀምበታለን። «እኔ እኮ የሩጫ ሱሰኛ ነኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሩጫ እወዳለሁ ማለቱ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ እሱ አይደለም። ስፖርት የሚወድ ሰው አንድ ቀን ሲቀርበት ቅር ይለዋል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። ሱስ የያዘው ሰው ግን ቀኑ በሙሉ ይበላሽበታል፣ ሰው ላይ ይጮኻል፣ የቀረበትን ለማካካስ ሌሊት ይነሳል።

በቀን ሁለቴ፣ በሳምንት ስድስት ቀን እለማመዳለሁ። ሱስ ይዞኛል ማለት ነው?

ሰዓቱ ብቻውን ምንም አይናገርም። ለማራቶን የሚዘጋጅ ሯጭ በሳምንት ከ160 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ዋናተኛው ፀሐይ ሳትወጣ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት ደግሞ ይመለሳል። ሥራቸው ነው። በአንጻሩ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሚሮጥ ሰው ያቺን ሰዓት ላለማጣት የወንድሙን ሠርግ ሊቀር ይችላል። ከሁለቱ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

እኔ የምጠይቀው ስለ እረፍት ቀን ነው። ፕሮግራሙ ላይ «እረፍት» ተብሎ የተጻፈበት ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ጥሩ አትሌት እረፍቱንም እንደ ልምምድ ይቆጥረዋል። እግሩን ሰቅሎ ይተኛል፣ ደስ ብሎት ይበላል። ሱስ የያዘው «ትንሽ ላፍታታ» ብሎ ወጥቶ 15 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለሳል። ከዚያም ለማንም አይናገርም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ስድስት ነገር ያያሉ። አንደኛው ልምምዱ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ በላይ መሆኑ ነው። ይህ በተወዳዳሪ አትሌት ላይ ብዙም አይጠቅምም፤ ሥራውም ሕልሙም እሱ ስለሆነ። ሁለተኛው ልምምዱን ስሜት ለመለወጫ መጠቀም ነው። ሲናደድ ይሮጣል፣ ሲያዝን ይሮጣል፣ ከሰው ሲጣላ ይሮጣል፤ ሌላ መተንፈሻ የለውም። ሦስተኛው የመጠኑ ማደግ ነው፤ አምና በ10 ኪሎ ሜትር ይገኝ የነበረው እርካታ ዘንድሮ በ15ም አይገኝም።

አራተኛው ሀራራ ነው። አዎ፣ የስፖርትም ሀራራ አለ። ልምምድ ሲቀር መቁነጥነጥ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጥፋት የሠሩ ያህል መጸጸት። አምስተኛው ከቤተሰብ፣ ከትዳር ጓደኛ፣ ከትምህርት፣ አንዳንዴም ከራሱ ከአሰልጣኙ ጋር መጋጨት ነው። የመጨረሻው ማገርሸት ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ እቀንሳለሁ» ብሎ ምሎ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ነበሩበት መመለስ።

እኔ ሰባተኛ እጨምርበታለሁ፦ መደበቅ። ሁለት የልምምድ ማስታወሻ ያለው አትሌት፣ አንዱ ለአሰልጣኙ የሚታይ፣ አንዱ እውነተኛው፣ ሌሎቹን ምልክቶች መቁጠር ሳያስፈልግ እርዳታ ይፈልጋል።

በሕክምና የታወቀ በሽታ ነው?

በራሱ ስም ገና አልተመዘገበም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የምርመራ መመሪያ ከአደንዛዥ ነገሮች ውጪ ካሉ ሱሶች ሙሉ ዕውቅና ያገኘው ቁማር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ዝርዝር ደግሞ ከቁማር ጎን የቪዲዮ ጨዋታ ገብቷል። ስፖርት ሁለቱም ጋ በስሙ አልተጠቀሰም።

ሳይታወቅ ቀርቶ ግን አይደለም። በ1970 ፍሬደሪክ ቤክላንድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስፖርት ማቆም በእንቅልፍ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ተነሳ። በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን የሚሠሩ ሰዎችን «ገንዘብ እንክፈላችሁና ለአንድ ወር አቁሙ» ቢላቸው እሺ የሚል ጠፋ። ወደ መጨረሻ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን የሚሠሩትን ለምኖ ጥናቱን ሠራ። እነሱም እንቅልፋቸው ተረበሸ፣ ጭንቀታቸው ጨመረ። ለእኔ የዚህ ጥናት ትልቁ ግኝት ጥናቱ ውስጥ የሌሉት፣ እምቢ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ ሲንገላታ ኖሯል። በ1976 ዊልያም ግላሰር የተባለ የአእምሮ ሐኪም ሩጫን ጠቃሚ ሱስ ብሎ አወደሰው። ሦስት ዓመት ሳይቆይ በ1979 ዊልያም ሞርጋን የተባለ ተመራማሪ ተጎድተው እንኳ መቆም ያቃታቸውን ሯጮች አንስቶ «ይሄስ?» አለ። ዛሬም አንዳንዱ ሱስ ይለዋል፣ አንዳንዱ የግዴታ ልምምድ። ለሚሠቃየው ሰው የስሙ ጉዳይ ብዙም አያጣድፍም።

ሱስ የሚያስይዘው ኢንዶርፊን ነው?

ኢንዶርፊን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሕመም የሚያስታግስ ኬሚካል ነው፤ ለረጅም ጊዜ መልሱ እሱ ነበር። ችግሩ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም። በ2008 ጀርመን ውስጥ 10 ሯጮች ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ አንጎላቸው ሲታይ፣ አንጎል ራሱ ኢንዶርፊን መሰል ነገር እንደሚለቅ የሚጠቁም ውጤት ተገኘ። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ግን የኢንዶርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት የወሰዱ ሯጮችም ያንኑ የሩጫ ደስታ እንዳገኙ አሳየ። ስለዚህ አሁን የብዙዎች ዓይን ያረፈው ኢንዶካናቢኖይድ በሚባሉት ላይ ነው። ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውና ወደ አንጎል በቀላሉ የሚገቡ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

ግን ኬሚካሉ ሁሉንም አይገልጽም። የሩጫ ደስታ የሚሰማው ሰው ብዙ ነው፤ ሱስ የሚይዘው ጥቂት። ልዩነቱ ሰውየው ከልምምዱ ምን እንደሚፈልግ ላይ ነው። መጀመሪያ ደስታ ፍለጋ የወጣ ሰው ቀስ በቀስ ጭንቀት ለመሸሽ መውጣት ሲጀምር ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ደስታ ለማግኘት የሚሮጥ ሰው ሲጠግብ ይቆማል። ከጭንቀት የሚሸሽ ሰው ግን ጭንቀቱ ቤት ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቀው መቆሚያ የለውም።

ስንት አትሌቶችን ይይዛል?

እንደ ስፖርቱ ይለያያል። በ2019 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ለሱስ ተጋላጭ ሆነው የተገኙትን እንዲህ አስቀምጧቸዋል፦ እንደ ረጅም ርቀት ሩጫና ትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ውድድር) ባሉ የጽናት ስፖርቶች 14.2 በመቶ፣ በኳስ ጨዋታዎች 10.4 በመቶ፣ ጂም በሚያዘወትሩ 8.2 በመቶ፣ በጉልበት ስፖርቶች 6.4 በመቶ፣ በጠቅላላው ሕዝብ 3 በመቶ። በ2012 ሃንጋሪ ውስጥ በተሠራ ጥናት ደግሞ በጠቅላላው ሕዝብ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ብቻ ነው የተገኘው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አብዛኛው የሚመጣው ከመጠይቆቹ ነው፤ እነሱ የሚለኩት ተጋላጭነትን እንጂ ሕመሙን አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን መጠይቅ ሞልቼ 26 አመጣሁ። ልጨነቅ?

ብዙ ሰው የሚሞላው በ2004 የተዘጋጀውን አጭር መጠይቅ ነው። ስድስት ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ከ30 ነጥብ 24ና ከዚያ በላይ ያመጣ «ተጋላጭ» ይባላል። ሐኪም አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ «ግባና ታይ» የሚል ዘበኛ በሉት።

ለተወዳዳሪ አትሌት ደግሞ ዘበኛው ይሳሳታል። «ልምምድ በሕይወቴ ትልቁ ነገር ነው» የሚለውን ኦሎምፒክ የሚጠብቅ ሰው 5 ካልሰጠው ማን ይሰጠዋል? «ከጊዜ ወደ ጊዜ መጠኑን ጨምሬያለሁ» የሚለውንም አሰልጣኙ ነው ያስጨመረው። ስለዚህ ድምሩን ተዉትና ነጥቡ ከየት እንደመጣ እዩ። ከፍ ያለው «ሲቀርብኝ እረበሻለሁ»፣ «ከቤተሰቤ ጋር ያጋጨኛል»፣ «ቀንሼ እመለስበታለሁ» የሚሉት ላይ ከሆነ ባለሙያ ማነጋገር ተገቢ ነው።

ሰዓቴና የስልኬ አፕሊኬሽን ያባብሱት ይሆን?

ሱሱን አይፈጥሩትም፣ ግን ማገዶ ያቀብሉታል። በተለይ «ሳይቋረጥ 412 ቀን» እያለ የሚቆጥረው ነገር። ሰዓቱ ባትሪ ጨርሶ ሳይመዘገብ የቀረ ሩጫ እንዳልተሮጠ የሚቆጠርበት፣ እንደገና የሚወጣ ሰው አለ። ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ ሩጡ። ካቃታችሁ ጥሩ መረጃ አገኛችሁ።

አንድ ሁለት ቀን ካረፍኩ አቋሜ አይወርድም?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ አትሌት የለም። ሱሱ የሚኖረውም እዚህ ፍርሃት ውስጥ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

በአንድ ሁለት ቀን የሚወርድ ነገር የለም። በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በደንብ የሰለጠኑ ሰዎችን ልምምድ ጭራሽ አስቁሞ ተከታትሏቸዋል። ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ጊዜ የሚጠቀመው የኦክስጅን መጠን፣ አትሌቶች ቪኦቱ ማክስ የሚሉት፣ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት በ7 በመቶ ቀነሰ። በ56 ቀን 16 በመቶ ላይ ሲደርስ ባለበት ቆመ። ልብ በሉ፣ ይህ ሦስት ሳምንትና ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳይሠሩ ነው። የጡንቻ ጉልበት ደግሞ ከዚህም በላይ ይቆያል፤ ለጥቂት ሳምንታት ብዙም አይነቃነቅም።

እንዲያውም የሚገርመው ተቃራኒው ነው። ከውድድር በፊት ልምምድ መቀነስ ውጤት ያሻሽላል። በ2007 የወጣ የጥናቶች ግምገማ የተሻለ ሆኖ ያገኘው ለሁለት ሳምንት ያህል የልምምዱን መጠን ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስን ነው፤ ፍጥነቱንና የልምምዱን ድግግሞሽ ሳይነኩ። ግማሹን ልምምድ ጥሎ የበለጠ መፍጠን! ምክንያቱ ቀላል ነው። ልምምድ ሰውነትን ያደክማል፣ ይሰባብራል፤ ጥገናው ያለው እረፍቱ ላይ ነው።

ታዲያ ካረፉ በኋላ እግር ለምን ይከብዳል? በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ መጠን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ የለመደ ምትም ይቋረጣል። ሲመለሱ በፍጥነት የሚስተካከል ነገር ነው። ሱሱ ግን ይህችን ስሜት ይይዝና «አየህ? ወረድክ» ይላል። አያዋጣም፣ አትስሙት።

ከኦቨርትሬኒንግ በምን ይለያል?

ኦቨርትሬኒንግ በሰውነት ላይ የሚደርስ ነው፤ ጭነቱ ከእረፍቱ በልጦ አቋም ለሳምንታትና ለወራት ሲወርድ። ሱሱ ደግሞ ባህርይ ነው። አንድ አትሌት አሰልጣኙ ባበዛበት ጭነት ብቻ ኦቨርትሬኒንግ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እሱ «እረፍ» ሲባል «ተመስገን» ብሎ ይተኛል። ሱስ የያዘው «እረፍ» ሲባል ይጣላል።

ሁለቱ ሲገናኙ ነው መከራው። ውጤቱ ይወርዳል፤ ውጤቱ ስለወረደ ልምምድ ይጨምራል፤ ስለጨመረ ይበልጥ ይወርዳል። ከማንም በላይ ይለፋል፣ ነገሩ ግን አድሮ ጥጃ ነው። ጠዋት ሲነሱ የልብ ምት ከወትሮው መለየቱ፣ ደክሞ እንቅልፍ ማጣት፣ ጉንፋን መመላለሱ፣ ቀላል የነበረው ፍጥነት መክበዱ አብረው ከታዩ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ በግምት መፍረድ አይቻልም።

ከምግብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ። በ1987 ዴቪድ ቪል የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነገሩን ለሁለት ከፍሎ እንድናይ ሐሳብ አቀረበ። በመጀመሪያው ዓይነት ሰውየው የተያዘው በራሱ በልምምዱ ነው። በሁለተኛው ልምምዱ የአመጋገብ ሕመም መሣሪያ ነው፤ የበሉትን ማቃጠያ፣ ክብደት መቀነሻ። ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ልምምዱ ክብደታችሁን ምንም ባይለውጠው አሁንም ትሠሩት ነበር? መልሱ «እንጃ» ከሆነ ወይም አፍ ውስጥ ከቀረ፣ ከአመጋገብ ሕመም ጋር የሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ክብደት በሚቆጠርባቸው ስፖርቶች፣ በሩጫ፣ በብስክሌት፣ በጂምናስቲክ፣ በትግልና በቦክስ ምድቦች፣ ይህ ሁለተኛው ዓይነት በቀላሉ ይደበቃል። ሲከሱ የሚያጨበጭብ አለ። ሰውነት ግን ሒሳቡን ይይዛል። በ2014 ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ለዚህ ስም ሰጥቶታል፤ በስፖርት የሚመጣ አንጻራዊ የኃይል ጉድለት ይባላል። የሚበላው ከሚወጣው ጋር አልመጣጠን ሲል ሰውነት ለዛሬ ሕይወት የማያጣድፉትን ሥራዎች ያጠፋፋል። በሴቶች ወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል። በወንዶች ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ይወርዳል። አጥንት ይሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይደክማል፣ ስሜት ይጨፈግጋል።

«ልምምድ ሲጠነክር ወር አበባ መቅረቱ ያለ ነው» የሚል ወሬ በአትሌቶች መካከል አለ። ያለ መሆኑ እውነት ነው። ጤናማ መሆኑ ግን ውሸት ነው። ሦስት ወር በተከታታይ ከቀረ ሐኪም ይየው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በወጣትነት ያልተከማቸ አጥንት በኋላ አይገዛም።

ተጎድቼ ሐኪም «ለስድስት ሳምንት አትሩጥ» ብሎኛል። በአራተኛው ቀን ወጥቼ ሮጥኩ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ስንጥቅ ያለው አጥንት ሙሉ በሙሉ ቢሰበር ይሻላል? በልምምድ ብዛት የሚመጣው የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በሳምንታት እረፍት የሚድን ነው። እየሮጡበት ግን ሳምንቱ ወር ይሆናል፤ እንደ ጭን አጥንት አንገት ያሉ ቦታዎች ላይ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ጥገና ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ክፍተቱን ባዶ አትተዉት። የሩጫ ሰዓት ላይ ምንም ሳይሠሩ መቀመጥ ለሱስ የተመቸ ወንበር ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ውሃ ውስጥ መሮጥ ወይም የላይኛውን አካል ማጠንከር ይቻላል፤ ነገር ግን ሰዓቱ በጽሑፍ ይወሰን። «ሩጫ ተከልክያለሁ እንጂ ብስክሌት አልተከለከልኩም» ብሎ በቀን አራት ሰዓት ብስክሌት የነዳ አትሌት ሱሱን አላቆመም፤ ወንበር ነው የቀየረለት።

አሰልጣኝ ነኝ። ጎበዙን ልጅ ከሱሰኛው በምን ልለየው?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ምክንያቱም ሱሰኛው መጀመሪያ ላይ የምትመኙት ዓይነት ልጅ ነው። ቀድሞ ይመጣል፣ መጨረሻ ይሄዳል፣ «ደከመኝ» አይልም። ስታሞግሱት የምታሞግሱት ምልክቱን ሊሆን ይችላል። «እሱን እዩት፣ ታሞ እንኳ አይቀርም» ያላችሁ ቀን ቡድኑ በሙሉ ታሞ መምጣት ይጀምራል።

የሚለየው መታዘዙ ነው። ጎበዙ ልጅ ሲጨመርበትም ሲቀነስበትም እሺ ይላል። ሱሰኛው ሲጨመርበት ብቻ ነው እሺ የሚለው። ስለዚህ ቀንሱበትና እዩ። ቀላል ቀን ስጡትና በምን ፍጥነት እንደሚሮጠው ተመልከቱ። ቀላል ሩጫን ቀላል ማድረግ የማይችል፣ ሁሌ የሚያጣድፈው አትሌት ያሳስባል። ሌላው ፍንጭ የልምምዱና የድካሙ አለመመጣጠን ነው፤ የሰጣችሁት ልምምድ ይህን ያህል ሊያደክመው የማይገባ ከሆነ ሌላ ቦታ የሚሠራው አለ ማለት ነው።

ስታናግሩት ለብቻ ይሁን። «ሱስ» የሚለውን ቃል አታስቀድሙ፤ በሩን ይዘጋዋል። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «ማክሰኞ እረፍት ሰጥቼህ ረቡዕ እግርህ ከብዶ መጣህ። ምን ሆነህ ነው?» ከዚያ ዝም በሉ። መልሱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ልምምድ መከልከልን እንደ ቅጣት አትጠቀሙ፤ እንዲሁም ተጨማሪ ዙር ማስሮጥን ለጥፋት ቅጣት አታድርጉ። ሁለቱም እረፍትንና ልምምድን ከጥፋተኝነት ጋር ያቆራኛሉ፤ ሱሱ የተሠራው ከዚሁ ክር ነው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ክለቧ ከሚሰጣት በላይ ክፍሏን ዘግታ ትሠራለች። ልከልክላት?

በሩን ሰብሮ መግባት ብዙም አያዋጣም፤ ይበልጥ ትደበቃለች። መጀመሪያ ጠይቋት፤ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ሳይሆን ሳትሠራ ስትቀር ምን እንደሚሰማት። መልሷ ውስጥ ፍርሃት ካለ፣ ምግብ እየቀነሰች ከሆነ፣ ከጓደኞቿ ከራቀች ወይም ወር አበባዋ ከቀረ ጊዜ አትስጡት፤ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ለአሰልጣኟም ንገሩ። ብዙ ጊዜ ቤት ያለው ሰውና ሜዳ ያለው ሰው ግማሽ ግማሽ ያውቃሉ፤ ሁለቱ ሲገጣጠም ነው ሥዕሉ የሚታየው።

አንድ ነገር ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ። ማታ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቋት ምንድን ነው? ሁሌ ሰዓቷንና ደረጃዋን ከሆነ፣ ሳታስቡት ዋጋዋ እዚያ ላይ እንደሆነ ነግራችኋታል።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ ወደ ሕክምና መሮጥ ያለብኝ መቼ ነው?

በልምምድ ላይ ራስ ከሳቱ ወይም ደረት ላይ ሕመም ከመጣ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረና ጡንቻ ክፉኛ ካበጠ፤ የጡንቻ መፍረስ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሕይወትን ስለማጥፋት ማሰብ ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ፣ ያላችሁበት ሳትውሉ ሳታድሩ ለሰው ተናገሩና ሕክምና ሂዱ።

ሕክምናው ምንድን ነው? ስፖርት ጨርሶ ማቆም አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የመጠጥ ሱስ ያለበትን «ጭራሽ አትቅመስ» ማለት ይቻላል። ስፖርት ግን ለጤናም ያስፈልጋል፣ ለአትሌት ደግሞ እንጀራው ነው። ስለዚህ ግቡ ወደ ልኩ መመለስ ነው። ሰውነት ክፉኛ ከተጎዳ ወይም ክብደት አደገኛ ደረጃ ከወረደ ግን ለጊዜው ሙሉ በሙሉ መቆም ግድ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚመከረው የንግግር ሕክምና ነው፤ በተለይ ሐሳብንና ልማድን አብሮ የሚፈትሸው። አትሌቱ «ዛሬ ካረፍኩ ሁሉም ነገር ያበቃል» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ባለሙያው አይከራከረውም፤ አብረው ይፈትኑታል። አንድ ቀን ያርፋል፣ የሚሰማውን ይጽፋል፣ ጭንቀቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደጨመረና መቼ እንደበረደ ያያል። ይበርዳልና። ከዚያ ሁለት ቀን። ለሱሱ በራሱ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ከሥሩ ድብርት ወይም ከባድ ጭንቀት ካለ ግን እሱ ይታከማል። ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጎን የስፖርት ሐኪም፣ የአመጋገብ ባለሙያና አሰልጣኙ ቢኖሩ መልካም ነው፤ ሁሉም አንድ ፕሮግራም ይያዙ። አትሌት ከአራት ሰው አራት የተለያየ ቁጥር ከሰማ ትልቁን ይመርጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይከብዳሉ። እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሰው ያስጠላል። ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ጠብ ይቀንሳል።

ከውድድር ስወጣስ? ሱሱ አብሮ ይወጣል?

ሁሌ አይደለም። እንዲያውም ውድድር ሳለ ሱሱን የሚሸፍነው ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያለ ግብ፣ ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ማቆሚያ ሩጫ ይቀራል። 28 የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያለው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ከኦሎምፒክ በኋላ ከባድ ድብርት ውስጥ ይገባ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ሱስ ነበረበት ማለቴ አይደለም። ማንነት በሙሉ አንድ ነገር ላይ ሲሰቀል፣ ያ ነገር ሲያልቅ ምን ያህል ባዶነት እንደሚመጣ ግን ያሳያል። ስለዚህ ትምህርቱን፣ ሙያውን፣ ስለ ስፖርት የማያወራውን ጓደኛ ጫማ ከመስቀል በፊት መያዝ ነው የሚሻለው።

እውነቱን ንገሩኝ፤ እዚህ ያደረሰኝ ሱሱ አይደል? ከለቀቀኝ ማሸነፌስ?

አትሌቶች ይህን የሚጠይቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ ከብዙ ሜዳሊያ ጀርባ ጤነኛ ያልሆነ ግፊት ነበር። እልህ፣ ፍርሃት፣ ለአንድ ሰው የማሳየት ጥማት። እነዚህ ሰውን ያስሮጣሉ፣ መካድ አይቻልም። በእኔ እይታ ግን የምታመሰግኑት የተሳሳተውን ክፍል ነው። ያደረሷችሁ በፕሮግራሙ የተሠሩት ሺህ ልምምዶች ናቸው። ሱሱ ያመጣው ከፕሮግራሙ ውጪ ያለውን ነው፦ የድብቁን 15 ኪሎ ሜትር፣ የታመመ እግር ላይ የተሮጠውን፣ በጉዳት ያመለጡትን ውድድሮች።

ማንም በቃል ስላሳመናችሁ እንደማታምኑ አውቃለሁ። ስለዚህ ፈትኑት። ብዙም የማያጓጓ አንድ ውድድር ምረጡ። ከሱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አሰልጣኛችሁ የሚሰጣችሁን ቅነሳ አንዲት ኪሎ ሜትር ሳትጨምሩ ተግብሩ። ተወዳደሩና ሰዓቱን ካለፈው ጋር አስተያዩት። ሁለቱን ሳምንት ሳትጨምሩ መጨረስ ካቃታችሁ ደግሞ ወረቀቱን ይዛችሁ ባለሙያ ጋ ሂዱ፤ የትኛው ቀን ላይ እንዳቃታችሁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።